አፕት፣ ዲኤንኤፍ፣ ስናፕ ወይስ ፍላትፓክ? ዳታ ለሚቆጥርና መብራት ለሚጠፋበት የሰሜን ሸዋ ተጠቃሚ የተዘጋጀ የንጽጽር መመሪያ

የሊኑክስ ፓኬጅ ማኔጀሮችን፣ ማለትም ፕሮግራም የሚጭኑ፣ የሚያሻሽሉና የሚያስወግዱ መሣሪያዎችን፣ የሚያወዳድሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ የሚለኩት ፍጥነትን፣ የፓኬጅ ብዛትንና የሥሪትን አዲስነት ነው። ያልተገደበ ፋይበር ለገባለት ሰው ይህ መለኪያ ያስኬዳል። መሐል ሜዳ ላይ በስልክ ሆትስፖት ለሚሠራ መምህር፣ ዓለም ከተማ ውስጥ አሮጌ ዴስክቶፕ ለሚጠግን ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ዶርም ሆኖ የወሩን የኢንተርኔት ጥቅል ለሚያብቃቃ ተማሪ ግን ከፍጥነት የሚቀድሙ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። አንድ ፕሮግራም ለመጫን ስንት ሜጋባይት ይበላል፣ ሳናዘውስ ከጀርባ ምን ያወርዳል? አንዴ የወረደው በፍላሽ ተገልብጦ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ይገባል? ሥራው መሐል ላይ ሳለ መብራት ቢጠፋ ማሽኑ በምን ሁኔታ ይነሳል?

ለቸኮለ ሰው መልሳችን ይህ ነው። መሠረቱን በአፕት የሚሠራ ዲስትሮ (የሊኑክስ ዓይነት) አድርጉ፤ ዴቢያን፣ ሊኑክስ ሚንት ወይም ኡቡንቱ። በጣም አዲስ ሥሪቱ የግድ ለሚያስፈልጋችሁ አንድ ሁለት ፕሮግራም ፍላትፓክ ጨምሩ። ስናፕ ኡቡንቱ ላይ ተጭኖ ስለሚመጣ እሱን መምረጥ ሳይሆን ልጓም ማበጀት ነው ሥራው። ዲኤንኤፍ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ የሚከብደው አብሮት የሚመጣው ፌዶራ የተባለው ዲስትሮ ነው። የአርች ሊኑክሱን ፓክማን ለዚህ አካባቢ አንመክርም።

ትዕዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን አስቀምጠናቸዋል። ተርሚናል ላይ የሚተየቡት በላቲን ፊደል ነው፤ ለይተን ካልተናገርን በስተቀር ሁሉም በትንንሹ ሆሄ።

አፕት፦ የሚበላውን ቀድሞ የሚናገር

አፕት በዴቢያን ቤት ያደገ መሣሪያ ነው። ከሥሩ ፋይሎቹን የሚፈታውና የሚመዘግበው ዲፒኬጂ አለ፤ አፕት ደግሞ ፓኬጁ የሚፈልጋቸውን ሌሎች ፓኬጆች ፈልጎ ያወርድና ለዲፒኬጂ ያቀብላል። ይህን የሥራ ክፍፍል ማወቅ ይጠቅማል፤ ነገር ሲበላሽ የትኛውን መጥራት እንዳለባችሁ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

«ሱዶ አፕት አፕዴት» (ሱዶ ትዕዛዙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ያስኬዳል) ምንም ፕሮግራም አያሻሽልም። የሚያወርደው የፓኬጆቹን ዝርዝር ብቻ ነው። ይህ ዝርዝር ራሱ ቀላል አይደለም፤ አዲስ በተጫነ ሲስተም ላይ በአሥር ሜጋባይቶች ይቆጠራል። ዴቢያን ላይ ከዚያ በኋላ ባሉት ጊዜያት የተለወጠው ክፍል ብቻ እንዲወርድ የሚያደርግ አሠራር አለ፤ ኡቡንቱ ይህ የለውም፣ የተነካውን የዝርዝር ፋይል እንዳለ እንደገና ያመጣል። በሆትስፖት ለሚሠራ ሰው ዴቢያንን የሚያስመርጥ አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ በብዙ ንጽጽሮች ውስጥ ግን አይጠቀስም።

«ሱዶ አፕት ኢንስቶል» ስትሉ ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር ያሳያችኋል። የመጀመሪያው ከኢንተርኔት የሚወርደው መጠን ነው፤ ሁለተኛው ዲስክ ላይ የሚይዘው ቦታ። ዳታ የሚቆጥረው የመጀመሪያው ብቻ ስለሆነ ሁለተኛውን አይታችሁ አትደንግጡ። መጠንቀቅ የሚያስፈልገው የጠየቃችሁት ፓኬጅ ሌላ ተጨማሪ የማያስከትል ሲሆን ነው፤ ያኔ አፕት ፈቃድ ሳይጠይቅ በቀጥታ ማውረድ ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ቀድሞ ለመመዘን «አፕት ሾው» ብላችሁ የፓኬጁን ስም ጻፉ፤ የሚወርደው መጠን ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

ብዙ ዳታ የሚቆጥበው አማራጭ «--ኖ-ኢንስቶል-ሪኮመንድስ» ነው። አንድ ፓኬጅ ያለ እነሱ የማይሠራባቸውና ቢኖሩ መልካም የሚላቸው ፓኬጆች አሉት፤ ይህ አማራጭ ሁለተኞቹን ይተዋል። ጊምፕን በዚህ መንገድ ብትጭኑ ፎቶ ማስተካከሉ አይጎድልባችሁም፤ ጎስትስክሪፕት አብሮ ስለማይገባ ግን የፖስትስክሪፕት ፋይል ለመክፈት ልትቸገሩ ትችላላችሁ። የጎደለውን በኋላ ለብቻው መጨመር ስለሚቻል በአማራጩ ቀንሶ መጀመሩ ያዋጣል። ሙሉ የዴስክቶፕ ገጽታ በሚጫንበት ጊዜ ግን አትጠቀሙበት፤ ድምፅ፣ ፕሪንተር ወይም ዋይፋይ ማስተካከያ የመሳሰሉት በዚያ በኩል ይመጣሉ።

ሁለተኛው ጥያቄ የፍላሽ ነው፤ እዚህ ላይ «አፕት» እና «አፕት-ጌት» አንድ አይደሉም። «አፕት» የተባለው አጭሩ ትዕዛዝ በተሳካ ሁኔታ የጫነውን የዴብ ፋይል (የወረደውን የፓኬጅ ፋይል) ከጫነ በኋላ ያጠፋል። «አፕት-ጌት» ግን በ«/ቫር/ካሽ/አፕት/አርካይቭስ» ውስጥ ይተወዋል። ስለዚህ አንድ ቦታ አውርዳችሁ ለሌላው ልታካፍሉ ካሰባችሁ በ«አፕት-ጌት» ጫኑ፤ ኡቡንቱ ከጊዜ በኋላ ይህን ፎልደር በራሱ ስለሚያጸዳ ቶሎ ወደ ፍላሽ ገልብጡ። ሌላው ኮምፒውተር ላይ ፎልደሩ ውስጥ ገብታችሁ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ./*.ዴብ» ማለት ነው። ነጥቧና ስላሿ ከቀሩ አፕት ፋይል ሳይሆን የፓኬጅ ስም የሰጣችሁት ይመስለዋል።

ይህ መንገድ ሁለት ወጥመድ አለው። የመጀመሪያው ሁለቱ ማሽኖች አንድ ዓይነት ሥሪት መሆን አለባቸው፤ ከኡቡንቱ 24.04 የተቀዳ ፋይል 22.04 ላይ አይገባም፣ ቢገባም ያንገዳግዳል። ሁለተኛው፣ አፕት እናንተ ማሽን ላይ ቀድሞ ያለውን ፓኬጅ እንደገና አያወርድም። እናንተ ጋ አስቀድሞ የገባ አንድ ላይብረሪ (ፕሮግራሞች የሚጋሩት የኮድ ክፍል) ጓደኛችሁ ጋ ከሌለ አንኮበር ደርሳችሁ «ያልተሟላ ጥገኛ አለ»፣ ማለትም ፕሮግራሙ የሚፈልገው ሌላ ፓኬጅ ጎድሏል፣ የሚል መልእክት ይጠብቃችኋል። ስለዚህ ማዘጋጃው ገና የተጫነና ምንም ያልተጨመረበት ማሽን ቢሆን ይመረጣል። ይህን ችግር በሥርዓት የሚፈታው አፕት-ኦፍላይን ነው፤ ከታች እንመጣበታለን።

ከጀርባ የሚወርደውን በተመለከተ፣ ኡቡንቱ በራሱ ሰዓት ዝርዝሩን ያድሳል፣ የደኅንነት ማሻሻያዎችንም ያወርዳል። ማስተካከያው «/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/20አውቶ-አፕግሬድስ» ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ቁጥር የቀን ልዩነትን ያሳያል፤ 1 በየቀኑ፣ 7 በየሳምንቱ፣ 0 ጭራሽ አይሁን ማለት ነው። ለላፕቶፕ 7 ተገቢ ይመስለናል። ከውጭ በኢንተርኔት ለሚደረስበት የቢሮ ሰርቨር ግን 1 ሆኖ ይቆይ፤ እዚያ ላይ ዳታ መቆጠብ በሌላ በኩል ያስከፍላል።

በአማርኛ ለሚሠራ ሰው ደግሞ አፕት ተጨማሪ ጥቅም አለው። ዴቢያን ውስጥ የአቢሲኒካ ፎንት «ፎንትስ-ሲል-አቢሲኒካ»፣ የሊብሬኦፊስ የአማርኛ ገጽታ «ሊብሬኦፊስ-ኤል10ኤን-ኤኤም»፣ ለትየባ ደግሞ «አይባስ-ኤም17ኤን» በዚያው ይገኛሉ። ሁሉም ትንንሽ ናቸው፤ በአንድ ትዕዛዝ ይገባሉ።

መብራት ሲጠፋ አፕት ምን ይሆናል?

ማውረድ ላይ እያለ ከጠፋ ምንም የሚያሳስብ ነገር የለም። በግማሽ የቀረው ፋይል «ፓርሻል» በሚባል ንዑስ ፎልደር ይቀመጣል፤ ያንኑ ትዕዛዝ ስትደግሙት ካቆመበት ይቀጥላል። ኔትወርኩ የሚቆራረጥ ከሆነ «-ኦ አክዋየር::ሪትራይስ=5» ጨምሩበት፤ ሲቋረጥ ራሱ እንደገና ይሞክራል።

የሚያሳስበው መፍታትና ማዋቀር ላይ እያለ ሲጠፋ ነው። ዲፒኬጂ እያንዳንዱን ፓኬጅ መጀመሪያ ይፈታል፣ ቀጥሎ ያዋቅራል፤ የደረሰበትንም በየደረጃው ይመዘግባል። ስለዚህ ሲነሳ የት እንደቆመ ያውቃል። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ መጀመሪያ «ሱዶ ዲፒኬጂ --ኮንፊገር -ኤ»፤ ቀጥሎ «ሱዶ አፕት --ፊክስ-ብሮክን ኢንስቶል»፤ ከዚያ ተቋርጦ የነበረውን ትዕዛዝ መድገም። አብዛኛው ጉዳይ እዚህ ላይ ያልቃል። የመዝገቡ ፋይል ራሱ ባዶ ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «/ቫር/ባክአፕስ» ውስጥ «ዲፒኬጂ.ስታተስ.0» የሚባል ቅጂ አለ፤ እሱን ወደ «/ቫር/ሊብ/ዲፒኬጂ/ስታተስ» መመለስ ይቻላል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው መቆለፊያው ላይ ነው። «መቆለፊያውን ማግኘት አልተቻለም» የሚል መልእክት ሲመጣ ከኢንተርኔት የተገኘው ምክር ብዙ ጊዜ የመቆለፊያ ፋይሉን አጥፉ ይላል። አታጥፉ። መልእክቱ የያዘውን ፕሮሰስ ቁጥርና ስም ይነግራችኋል፤ አብዛኛውን ጊዜ ከጀርባ የሚሠራው ራስ-ሰር ማሻሻያ ነው። ቡና እስኪፈላ ጠብቁት። ፋይሉን አጥፍቶ ሁለት ዲፒኬጂ በአንድ ጊዜ ማስኬድ መብራት ከሚያደርሰው የከፋ ጉዳት ያደርሳል።

የከርነል (የሲስተሙ እምብርት) ማሻሻያ ያለበትን «አፕት አፕግሬድ» ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የሚያቆይ ባትሪ) በሌለው ዴስክቶፕ ላይ መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩ። ላፕቶፕ ከሆነ ባትሪው ከግማሽ በላይ ይሁን።

ከመብራት ጋር የሚያያዝ፣ ግን ብዙ ጊዜ በሌላ የሚሳበብ ችግር የሰዓት ነው። አሮጌ ዴስክቶፕ ማዘርቦርድ ላይ ያለችው ክብ ባትሪ፣ ሲአር2032፣ ስታልቅ ማሽኑ ከመብራት በተነቀለ ቁጥር ቀኑ ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ይመለሳል። ያኔ አፕት ፓኬጆቹ የሚወርዱበትን የኢንተርኔት ማከማቻ ፊርማ አይቶ «ይህ ፋይል ገና ጊዜው አልደረሰም» ብሎ ይቆማል፤ በኤችቲቲፒኤስ የሚከፈት ነገርም ሁሉ የምስክር ወረቀት ስህተት ያወጣል። ሰው ኔትወርኩን ይራገማል። በእኛ አገር ሁለት ተጨማሪ መልክ አለው። አንዱ የኮምፒውተሩን ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሙላት ነው፤ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀረ ማለት ነው። ሌላው ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ 3፡00 ብሎ ማስገባት ነው፤ ማሽኑ የሚጠብቀው 9፡00 ስለሆነ በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። አፕት «ገና ጊዜው አልደረሰም» ካለ በኋላ ስንት ሰዓት እንደቀረው ስለሚጽፍ፣ ቁጥሩ ወደ ስድስት ሰዓት የተጠጋ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። «ዴት» ብላችሁ አረጋግጡ፤ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ታይምዞን አፍሪካ/አዲስ_አበባ» ብላችሁ የሰዓት ቀጠናውን አስተካክሉ፤ ቀጥሎ «ሱዶ ታይምዴትሲቲኤል ሴት-ኤንቲፒ ትሩ»። በመጀመሪያው ትዕዛዝ ላይ የአህጉሩና የከተማው ስም በትልቅ ሆሄ ይጀምራል።

በካምፓስ ወይም በሆቴል ዋይፋይ ስትሠሩ «የተፈረመው ፋይል ትክክል አይደለም» የሚል መልእክት ከመጣ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ብሮውዘር ከፍታችሁ የመግቢያ ስምና የይለፍ ቃል አላስገባችሁም ማለት ነው። አፕት ዝርዝር ብሎ የተቀበለው የመግቢያ ገጹን ነው።

ዲኤንኤፍ፦ መሣሪያው ይወደሳል፣ ጓዙ ይከብዳል

ዲኤንኤፍ ፌዶራ 22 ላይ በ2015 ያም የተባለውን የቀድሞ መሣሪያ ቦታ ወሰደ፤ በሬድ ሃት ቤተሰብም የአርፒኤም ፓኬጆችን (የዴብ አቻ የሆኑትን) የሚያስተዳድረው እሱ ነው። ከአፕት የሚበልጥባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው «ዲኤንኤፍ ሂስትሪ» ነው። እያንዳንዱ ጭነት ቁጥር ተሰጥቶት ይመዘገባል፤ «ሱዶ ዲኤንኤፍ ሂስትሪ አንዶ 15» ብትሉ 15ኛውን ሥራ ከነጓዙ ይቀለብሰዋል። በዴቢያን 12 ወይም በኡቡንቱ 24.04 ያለው አፕት ይህን አይችልም፤ «/ቫር/ሎግ/አፕት/ሂስትሪ.ሎግ» አንብባችሁ በእጅ ማስወገድ ነው ያላችሁ። ሁለተኛው ለፍላሽ የሚመቸው ነው፦ «ዲኤንኤፍ ዳውንሎድ --ሪዞልቭ --ኦልዴፕስ» እናንተ ጋ ያለውንም የሌለውንም ጥገኛ ሁሉ በአንድ ፎልደር ያወርዳል። አፕት ላይ ያስጠነቀቅንበት ወጥመድ እዚህ የለም።

ታዲያ ለምን አንመክረውም? ፌዶራ በየስድስት ወሩ ገደማ አዲስ ሥሪት ያወጣል፤ አንዱ ሥሪት ድጋፍ የሚያገኘው ለ13 ወር ያህል ነው። ቢያንስ በዓመት አንዴ መላውን ሲስተም መለወጥ ግድ ይሆናል፤ ያ ደግሞ በጊጋባይት የሚቆጠር ነው። በመካከልም ማሻሻያው ብዙ ነው። ዝርዝሩን ከጀርባ የሚያድስ ታይመርም አለው፤ «ሱዶ ሲስተምሲቲኤል ዲስኤብል --ናው ዲኤንኤፍ-ሜክካሽ.ታይመር» ብላችሁ ልታቆሙት ትችላላችሁ (የታይመሩ ስም እንደ ሥሪቱ ሊለያይ ይችላል)። ቀደም ብሎ በወረደው ዝርዝር ብቻ ለመሥራት «-ሲ» ጨምሩ፤ እዚህ ላይ ፊደሉ ትልቁ ነው። የወረዱት አርፒኤሞች እንዲቀመጡ ከፈለጋችሁ «/ኢቲሲ/ዲኤንኤፍ/ዲኤንኤፍ.ኮንፍ» ውስጥ «ኪፕካሽ=ትሩ» መጻፍ አለባችሁ፤ ካልጻፋችሁ ያጠፋቸዋል።

ሥራችሁ ወይም ትምህርታችሁ የሬድ ሃትን መንገድ የሚጠይቅ ከሆነ አልማሊኑክስ ወይም ሮኪ ሊኑክስ ያዙ። ያው ዲኤንኤፍ ነው፤ የድጋፍ ዘመናቸው አሥር ዓመት ስለሆነ ግን የማሻሻያው ጎርፍ የለም።

ፓክማን

የአርች ሊኑክስ ፓክማን ፈጣን ነው፣ ትዕዛዙም አጭር ነው። ችግሩ አርች ሥሪት የሚባል ነገር የለውም፤ ሁልጊዜ እየተለወጠ ይሄዳል። ላፕቶፓችሁን ለጥቂት ሳምንታት ሳታሻሽሉ ከቆያችሁ በኋላ አንድ ትንሽ ፕሮግራም ልትጭኑ ብትሉ ዝርዝራችሁ የሚያውቀው ሥሪት ከማከማቻው ስለወጣ 404 (ፋይሉ የለም) ይላችኋል። ዝርዝሩን ብቻ አድሳችሁ መጫን ደግሞ የማይደገፍ አሠራር ነው፤ አዲሱ ፕሮግራም ከአሮጌዎቹ ላይብረሪዎች ጋር ስለማይስማማ ሲስተሙን ሊሰብር ይችላል። ስለዚህ «-ኤስዋይዩ» (ኤሱ ትልቅ ሆሄ) ብሎ ሁሉንም ማሻሻል ግድ ነው፤ ለአንድ የአምስት ሜጋባይት ፕሮግራም አንድ ጊጋባይት ልትከፍሉ ነው። በዚያ መሐል ከርነሉ ሲጻፍ መብራት ከጠፋ ማሽኑን የምታስነሱት ከፍላሽ ነው። ለመማር ቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ጥሩ ነው።

ስናፕና ፍላትፓክ፦ ሁለቱም ከባድ፣ አንዱ ግን ይጠይቃል

እነዚህ ሁለቱ ፕሮግራሙን ከነላይብረሪዎቹ አሽገው የሚያመጡ ናቸው። ስለዚህ በአንድ አሮጌ ሲስተም ላይ አዲስ ፕሮግራም ማስኬድ ያስችላሉ፤ በምላሹ መጠናቸው ያብጣል። መጀመሪያ ፕሮግራም ስትጭኑ የሚመጣው የጋራ መሠረት ብቻውን በመቶዎች ሜጋባይት ነው። ለምሳሌ ብዙ የስናፕ ፕሮግራሞች የሚደገፉበት «ኖም-42-2204» የተባለው ጥቅል ግማሽ ጊጋባይት ገደማ ነው። የፍላትፓክም የፍሪዴስክቶፕ፣ የኖምና የኬዲኢ መሠረቶች እንዲሁ ከባድ ናቸው። ሁለተኛና ሦስተኛ ፕሮግራም ያንኑ መሠረት ስለሚጋራ ይቀላል፤ አንዱ ኖምን ሌላው ኬዲኢን ከፈለገ ግን ሁለቱንም ከፈላችሁ።

በሦስተኛው ጥያቄ፣ በመብራት፣ ሁለቱም አፕትን ይበልጡታል። አዲሱ ሥሪት ሙሉ በሙሉ ገብቶ ካላለቀ አሮጌው አይነካም፤ በግማሽ የተጫነ ፕሮግራም አይኖርም። ይህን መካድ አይገባም።

የሚለያቸው ጠባይ ነው። ስናፕ በነባሪው ሁኔታ በቀን አራት ጊዜ ማሻሻያ ካለ ይፈትሻል፣ ካገኘም ሳይጠይቅ ያወርዳል። ፋየርፎክስ ከኡቡንቱ 22.04 ጀምሮ ስናፕ ስለሆነ፣ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል ፋየርፎክስ» ብትሉ እንኳ የሚመጣላችሁ ስናፑ ነው፤ መጠኑ ከ200 ሜጋባይት በላይ ነው፣ አዲስ ሥሪት ደግሞ በየወሩ ገደማ ይወጣል። የስልካቸው ጥቅል ላፕቶፕ ባገናኙ ቁጥር የሚያልቅባቸው ሰዎች መጀመሪያ ሊያዩት የሚገባው ይህንን ነው። ፍላትፓክ በትዕዛዝ መስመር ስትጠቀሙበት «ፍላትፓክ አፕዴት» እስካላላችሁ ድረስ አይንቀሳቀስም፤ ሲንቀሳቀስም የእያንዳንዱን መጠን ዘርዝሮ ፈቃድ ይጠይቃል። ምርጫችን ፍላትፓክ የሆነው በዚህ ነው።

ኡቡንቱ ላይ ሆናችሁ ስናፕን ለማቆየት ከወሰናችሁ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ሆትስፖት ከማገናኘታችሁ በፊት ይህን አድርጉ። «ሱዶ ስናፕ ሴት ሲስተም ሪፍሬሽ.ሜተርድ=ሆልድ» በሚቆጠር ኢንተርኔት ላይ ማሻሻያ እንዳይደረግ ይከለክላል። የስልካችሁን ግንኙነት የሚቆጠር መሆኑን ደግሞ «ኤንኤምሲኤልአይ ኮኔክሽን ሞዲፋይ»፣ ቀጥሎ የሆትስፖቱን ስም፣ ቀጥሎ «ኮኔክሽን.ሜተርድ የስ» ብላችሁ ንገሩት። የአንድሮይድ ሆትስፖትን ሲስተሙ ብዙ ጊዜ ራሱ ያውቀዋል፤ የኪስ ዋይፋይና የቤት ራውተርን ግን አያውቅም። ሁሉንም ለማቆም ከፈለጋችሁ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ --ሆልድ» አለ፤ ያኔ ዳታ ስታገኙ በእጃችሁ «ሱዶ ስናፕ ሪፍሬሽ» ማለት የእናንተ ኃላፊነት ነው። ብሮውዘር ለወራት ሳይታደስ መተው አደገኛ ነው።

ለፍላሽም ፍላትፓክ ይሻላል። «ፍላትፓክ ክሪኤት-ዩኤስቢ» የተባለው ትዕዛዝ ፕሮግራሙን ከነመሠረቱ ፍላሽ ላይ ይጽፋል፤ ተቀባዩ በ«--ሳይድሎድ-ሪፖ» አማራጭ ከዚያ ይጭናል። ከዚያ በፊት ግን ማከማቻውን «ፍላትፓክ ሪሞት-ሞዲፋይ --ኮሌክሽን-አይዲ=ኦርግ.ፍላትሃብ.ስቴብል ፍላትሃብ» ብሎ ማዘጋጀት ያስፈልጋል («ስቴብል» በትልቅ ሆሄ ይጀምራል)፤ ይህ ከተዘለለ ትዕዛዙ አልሠራም ይላል። ስናፕ ላይ «ስናፕ ዳውንሎድ» አለ፤ ሁለት ፋይል ይሰጣል፣ አንዱ ፕሮግራሙ፣ ሌላው የፊርማ ማረጋገጫው። ተቀባዩ መጀመሪያ ማረጋገጫውን በ«ሱዶ ስናፕ አክ» ያስገባል። መሠረቶቹን ግን አንድ በአንድ ራሳችሁ ለይታችሁ ማውረድ አለባችሁ፤ አንዱ ከተረሳ ጉዞው ከንቱ ነው።

ዲስኩ 32 ወይም 64 ጊጋባይት በሆነ ትንሽ ላፕቶፕ ላይ «ፍላትፓክ አንኢንስቶል --አንዩዝድ» ማንም የማይጠቀምባቸውን መሠረቶች ያነሳል። ስናፕ የቀድሞውን ሥሪት አብሮ ስለሚያስቀምጥ ቦታው በእጥፍ ይያዛል።

ስናፕን ጭራሽ ለማይፈልግ ሰው ሊኑክስ ሚንት ቀላሉ መውጫ ነው፤ ከሥሪት 20 ጀምሮ ስናፕን በነባሪነት ዘግቶታል፣ ፋየርፎክስንም በዴብ ያቀርባል።

አፕኢሜጅ የሚባለው ሦስተኛ ዓይነት አንድ ፋይል ብቻ ነው። በ«ሲኤችሞድ +ኤክስ» ፈቃድ ሰጥቶ ማስነሳት ነው፤ ለፍላሽ ከዚህ የቀለለ የለም። ብዙዎቹ «ሊብፊውዝ2» ይፈልጋሉ፤ ኡቡንቱ 24.04 ላይ የፓኬጁ ስም «ሊብፊውዝ2ቲ64» ሆኗል። የሚያድስለት ማኔጀር ስለሌለው ለአንድ ለተወሰነ ሥራ እንጂ ለብሮውዘር አትምረጡት፤ ከፕሮግራሙ ባለቤቶች ገጽ ውጭ የተገኘ አፕኢሜጅም አትክፈቱ።

ፒፕ (የፓይተን ፓኬጅ መጫኛ) ላይ አጭር ማስጠንቀቂያ

ዴቢያን 12 ወይም ኡቡንቱ 24.04 ላይ «ፒፕ ኢንስቶል» ስትሉ አካባቢው በውጭ የሚተዳደር ነው ብሎ ይከለክላችኋል። መከልከሉ ልክ ነው፤ የሲስተሙ መሣሪያዎች በዚያው ፓይተን ስለሚሠሩ ማደባለቁ አፕትን ጭምር ሊጎዳ ይችላል። ክልከላውን በኃይል የሚያልፈውን አማራጭ ተዉና «ፓይተን3 -ኤም ቬንቭ» ብላችሁ ለሥራችሁ የብቻ ክፍል ክፈቱ። ለፍላሽ «ፒፕ ዳውንሎድ -ዲ» ፎልደር ውስጥ ያከማቻል፤ ተቀባዩ በ«--ኖ-ኢንዴክስ --ፋይንድ-ሊንክስ» ከፎልደሩ ይጭናል። ሁለቱ ማሽኖች የፓይተን ሥሪታቸው አንድ ይሁን፤ ዴቢያን 12 ላይ 3.11፣ ኡቡንቱ 24.04 ላይ 3.12 ስለሆነ በመካከላቸው የተገለበጠው ብዙ ጊዜ አይገባም።

የትምህርት ቤት ላብ፦ ሃያ ማሽን፣ አንድ መስመር

እዚህ ላይ የአፕት ቤተሰብ ተፎካካሪ የለውም የምንልበት ምክንያት ይታያል። ሃያ ኮምፒውተር ላይ 200 ሜጋባይት ማሻሻያ በየራሳቸው ቢያወርዱ 4 ጊጋባይት ነው። አንዱ ብቻ አውርዶ ሌሎቹ ከእሱ ቢቀዱ 200 ሜጋባይት። ሦስት መንገድ አለ፤ ምርጫው በኢንተርኔቱ ሁኔታ ይወሰናል።

ላቡ ደካማም ቢሆን መስመር ካለው አንዴ የወረደውን አስቀምጦ ለሌሎቹ የሚያድለውን አፕት-ካሸር-ኤንጂ ምረጡ። ከማሽኖቹ አንዱ ላይ «ሱዶ አፕት ኢንስቶል አፕት-ካሸር-ኤንጂ» ማለት ይበቃል፤ በፖርት 3142 ይጠብቃል። ለዚህ ማሽን የማይለዋወጥ አድራሻ ስጡት፣ 192.168.1.10 እንበል። በቀሩት ላይ «/ኢቲሲ/አፕት/አፕት.ኮንፍ.ዲ/01ፕሮክሲ» የሚል ፋይል ፍጠሩና አንድ መስመር ጻፉ፦ «አክዋየር::ኤችቲቲፒ::ፕሮክሲ "ኤችቲቲፒ://192.168.1.10:3142";»። መጨረሻ ላይ ያለችው ነጠላ ሰረዝ ከነነጥቧ ከተረሳች አፕት ጭራሽ አይነሳም። አንድ ማሽን ላይ ብቻ «አፕት አፕግሬድ» አስኪዱ፤ ሲያልቅ የቀሩትን አስከትሉ፣ ከላቡ ስዊች በቀጥታ ይመጣላቸዋል። ካሸሩ የሚያስቀምጠው በኤችቲቲፒ የመጣውን ነው። የዴቢያንና የኡቡንቱ ዋና ማከማቻዎች በነባሪነት በዚያ ስለሚሠሩ ችግር የለም፤ በኤችቲቲፒኤስ ብቻ የሚገኙ የሦስተኛ ወገን ማከማቻዎች ግን ሳይቀመጡ ያልፋሉ ወይም ይታገዳሉ።

ላቡ ምንም መስመር ከሌለው፣ ኢንተርኔት ያለው ደግሞ ደብረ ብርሃን ከሆነ፣ አፕት-ኦፍላይን ነው። ኢንተርኔት የሌለው ማሽን ላይ «ሱዶ አፕት-ኦፍላይን ሴት ጥያቄ.ሲግ --ኢንስቶል-ፓኬጅስ» ብላችሁ የፈለጋችሁትን ስም ትጨምራላችሁ፤ የፋይሉን ስም እንደፈለጋችሁ አውጡለት። የሚወጣው ትንሽ ፋይል ያ ማሽን በትክክል የጎደለውን የሚዘረዝር ነው። ፋይሉ በፍላሽ ደብረ ብርሃን ይሄዳል፤ እዚያ «አፕት-ኦፍላይን ጌት ጥያቄ.ሲግ --ባንድል ዕቃ.ዚፕ» ይባላል። ያኛው ማሽን ዴቢያን መሆን የለበትም፤ ፓይተን ያለው ዊንዶውስም ያገለግላል። ዚፑ ሲመለስ «ሱዶ አፕት-ኦፍላይን ኢንስቶል ዕቃ.ዚፕ»፣ ቀጥሎ የተለመደው «አፕት ኢንስቶል»። ዝርዝሩን ለማደስ «--አፕዴት»፣ ሙሉ ማሻሻያ ለማምጣት «--አፕግሬድ» አለው። ሃያዎቹ ማሽኖች በአንድ ቀን በአንድ መልክ የተጫኑ ከሆኑ የአንዱ ጥያቄ ለሁሉም ይበቃል። በየጊዜው የተለያየ ነገር ተጭኖባቸው ከሆነ ግን በጣም የጎደለውን ማሽን ምረጡና በእሱ አስጠይቁ።

ሦስተኛው የዴቢያን ዲቪዲ ነው። የመጀመሪያው ዲቪዲ ብቻውን ዴስክቶፑን፣ ሊብሬኦፊስንና ለትምህርት ቤት የሚበቃ ብዙ ነገር ይዟል፤ ጂግዶ በሚባለው መሣሪያ ለ16 ጊጋባይት ፍላሽ የሚሆን ትልቁን ምስል ማዘጋጀትም ይቻላል። በ«ሱዶ አፕት-ሲዲሮም አድ» ከተመዘገበ በኋላ አፕት ዲስኩን እንደ ማከማቻ ይቆጥረዋል። ጉድለቱ ከወጣበት ቀን በኋላ ያለ የደኅንነት ማሻሻያ የለውም፤ ከኢንተርኔት ጋር ጨርሶ ለማይገናኝ ላብ ይህ ይታለፋል፣ ነገ ዋይፋይ ለሚገባለት ግን በአፕት-ኦፍላይን መደገፍ አለበት።

ካሸር ባለበት ላብ የመምህራን ላፕቶፖች ላይ የፕሮክሲውን ፋይል አትጻፉ። ላፕቶፑ ቤት ሲሄድ 192.168.1.10 ስለማይኖር አፕት መስመር ቢኖርም እንኳ አልተገናኘሁም እያለ ይቀራል። ለእነሱ «አውቶ-አፕት-ፕሮክሲ» የተባለውን ፓኬጅ ጫኑ፤ ካሸሩን ሲያገኝ በእሱ፣ ሲያጣው በቀጥታ ይሠራል።